ከአዲሱ ገበያ በላይ ውኃ የሚጠጣ ሞተር

አድምጡኝማ። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣውን ዳገት የማያውቅ የጉለሌ ሰው የለም። በዚህ በኩል ጎጃም የሚወርደው ሁሉ በዚያ ያልፋል። ብረት የጫነ ሲኖትራክ፣ ጤፍ ሊያመጣ ባዶውን የሚወጣ ኤፍ ኤስ አር፣ ከወንበሩ በላይ ሰው የጫነ ሚኒባስ፣ ሁሉም ዳገቱ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል። ሦስተኛ ማርሽ ይከዳል፣ ሁለተኛ ይገባል፣ ሾፌሩ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣል፣ ጥቁር ጭሱ ከኋላ ላለው ይተርፋል። ተሳፋሪው «መኪናዋ ደክማለች» ብሎ ያማል። ሞተሩ አየር አጥሮት እንደሆነ የሚያውቁት ሾፌሩና የጋራዥ ሰዎች ናቸው።

ነገሩን በቁጥር ልንገራችሁ። ጂቡቲ ወደብ ላይ የአየሩን ግፊት 100 ብንለው፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው የአዲሱ ገበያ ሰፈር 75 ነው። ከ3,000 ሜትር በሚያልፈው የእንጦጦ ራስ ላይ 70 ይሆናል፣ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው መኪና ከወደቡ ተነስቶ እኛ ሰፈር ሲደርስ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል መንገድ ላይ ጥሎ መጥቷል ማለት ነው። ባለቤቱ ይህን አያውቅም፤ ደላላውም አይነግረው።

ቱርቦ የመጣው ይህን ጉድለት ሊሞላ ነው። በማርሚታው በኩል ሊባክን የነበረውን የጭስ ኃይል ይዞ አንዲት ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፤ መዘውሯም ስስ አየር እየሳበች፣ እያመቀች ለሞተሩ ታጎርሰዋለች። እስከዚህ ድረስ ደግ ነገር ነው። ዳሩ ግን አየር ሲታመቅ ይግላል፤ ብስክሌት በእጅ ፓምፕ የነፋ ልጅ ሁሉ ጣቱን አቃጥሎት ያውቀዋል። ወደ ቱርቦው የሚገባው አየር 20 ዲግሪ ነው እንበል፤ ቱርቦውም ሥራውን በ70 በመቶ ብቃት ይሠራል እንበል። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ቱርቦ ያንን አየር በእጥፍ ሲያምቀው ሙቀቱ ወደ 110 ዲግሪ ይወጣል። አዲሱ ገበያ ላይ ያለው ቱርቦ ያንኑ ያህል አየር ለሞተሩ ለማድረስ በእጥፍ አይበቃውም፤ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ማመቅ አለበት። ሙቀቱም 155 ዲግሪ ይደርሳል። የእንጦጦ ራስ ላይ ከ165 ያልፋል። ኢንተርኩለሩ እንግዲህ ከዚህ ላይ የቻለውን ያህል ያወርዳል፤ በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተተ ለሚወጣ መኪና ግን ነፋስ የለውምና ኢንተርኩለሩም ያን ያህል አያግዝም።

የዛሬው ትረካዬ ስለዚህ ትኩስ አየርና ስለ ውኃ ነው። ስለ ራዲያተሩ ውኃ አይደለም የማወራው። ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ስለሚረጨው ውኃ ነው። አትሳቁ፤ ገና አልጀመርኩም።

በዚያው ሰፈር አንድ ጋራዥ አለ። ባለቤቱን ሁሉም ፎርማን ይለዋል። መደርደሪያው ላይ አንድ አሮጌ ፒስተን ቁጭ ብሏል፤ ለሽያጭ አይደለም፣ ለማስተማሪያ ነው። አናቱ ዳር ዳሩን በጥቃቅን ጉድጓድ ተበልቷል፤ በአንድ በኩል የቀለበቱ ቤት ተሸርፎ ወድቋል። ልጅ እግር ሁሉ ቱርቦዬን ጨምርልኝ እያለ ሲመጣበት ፎርማኑ ምንም ሳይናገር ፒስተኑን አንስቶ እጁ ላይ ያስቀምጥለታል።

ፒስተኑን እንዲህ ያደረገው ማንኳኳት ነው። በጤናማ ሞተር ውስጥ ካንዴላው ብልጭ ሲል እሳቱ ከዚያ ተነስቶ የተቀላቀለውን አየርና ቤንዚን እያነደደ ወደ ዳር ይሄዳል። አየሩ ከልክ በላይ የጋለና የታመቀ ከሆነ ግን፣ ዳር ላይ ተራውን የሚጠብቀው ድብልቅ እሳቱ ሳይደርሰው ራሱ ይፈነዳል። ግፊቱም በድንገት ከላይ ፒስተኑ ላይ ይወርድበታል። መሪ ላይ ያለው ሰው አንድ ቀጭን የብረት ድምፅ ይሰማል፤ ሬዲዮ ከከፈተም ላይሰማው ይችላል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ ቱርቦ የሌለው መኪና እኛ ሰፈር ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ነው የሚያንኳኳው። አየሩ ስስ ስለሆነ ግፊቱም ዝቅ ያለ ነው። ከፍታው ጉልበቱን ወስዶ በምትኩ ጤና ሰጥቶታል። ቱርቦ የገጠመ ሰው ያን ምሕረት በገዛ እጁ መለሰው።

ውኃ ለዚህ መድኃኒት መሆኑ ትናንት የተገኘ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዶናት ባንኪ የሚባል የሀንጋሪ መሐንዲስ ሞተሩ ውስጥ ውኃ እየረጨ ማንኳኳትን አስታግሷል። ምስጢሩ ያለው መትነኑ ላይ ነው። እንስራ ውስጥ ያለ ውኃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ገላ ላይ ወዝቶ የወጣው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው፤ እዚህም ነገሩ ያው ነው። አንድ ኪሎ የፈላ ውኃ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ሆኖ እስኪያልቅ 2,257 ኪሎጁል ሙቀት ይበላል። አንድ ኪሎ ቤንዚን ሲተን የሚወስደው 350 አካባቢ ብቻ ነው። ሁለቱን አነጻጽሩና ፍረዱ።

ይህን ስላችሁ፣ ቤንዚኑም በድብቅ የማቀዝቀዝ ሥራ እንደሚሠራ ልብ በሉ። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመንደድ 14.7 ኪሎ አየር ይበቃዋል። ቱርቦ ያለው የቤንዚን መኪና ግን በሙሉ ኃይል ሲወጣ ኮምፒውተሩ ያንን ትቶ ለ12 ኪሎ አየር አንድ ኪሎ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ከዚያም ያበዛል። ትርፉ ቤንዚን የሚገባው ጉልበት ሊሰጥ ብቻ አይደለም፣ ሊያቀዘቅዝም ነው። ባለቤቱ ነዳጅ ማደያ ተሰልፎ ውሎ የቀዳውን ቤንዚን ኮምፒውተሩ የውኃ ሥራ ያሠራዋል ማለት ነው።

ይህን ሥራ ለራሱ ለውኃ የሰጡት ደግሞ ከመኪና ሰዎች በፊት የአውሮፕላን ሰዎች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ለሜሰርሽሚት አውሮፕላኖቻቸው ግማሹ ሜታኖል፣ ግማሹ ውኃ የሆነ ድብልቅ አዘጋጁ፤ ዝገት የሚከላከል ጠብታ ዘይትም ነበረበት። አብራሪው የሚከፍተው ከ10 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ነበር። አሜሪካኖቹም በፒ 47 ተዋጊ አውሮፕላን ላይ ውኃ ገጠሙ። የዚያ አውሮፕላን ሞተር ፕራት ኤንድ ዊትኒ አር 2800 ይባላል፤ ባለ 18 ሲሊንደር፣ 46 ሊትር ነው።

ጦርነቱ አለቀ፣ ሞተሩ ግን ሥራ አልፈታም። የት መጣ መሰላችሁ? እኛው ዘንድ፣ ልደታ! የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም የጀመረው በሲ 47 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኮንቬር 240 አመጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ባለ አራት ሞተሩን ዲሲ 6ቢ ጨመረ። ሁለቱም የሚበሩት በዚያው በአር 2800 ዘር ነው። ይህ ሞተር አውሮፕላኑ ሲነሳ ውኃና ሜታኖል ይረጭለታል፤ በዚያ ጊዜ ነው 2,400 ፈረስ ጉልበት የሚሰጠው። አሠራሩን ስትሰሙ ትወዱታላችሁ፤ ውኃው ሲከፈት አንዲት ቫልቭ በዚያው ቅጽበት ቤንዚኑን ትቀንሳለች። ሊያቀዘቅዝ የገባው ትርፍ ቤንዚን ሥራውን ለውኃ አስረክቦ ይወጣል፣ ድብልቁ ወደ ትክክለኛ ልኩ ይመለሳል፣ ሞተሩም ከፍ ያለ ግፊት ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ካለች ከተማ ለሚነሳ አውሮፕላን የሞተር ጉልበት ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግርም። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1963 መጀመሪያ ቦይንግ 720ቢ ጄቶች ከቦሌ መብረር ሲጀምሩ የፒስተኑ ዘመን እየደበዘዘ ሄደ። አሮጌው አየር ማረፊያ የሚለው የሰፈር ስም ግን እስከ ዛሬ አለ። እዚያ ቡና የሚጠጣው ወጣት ስንቱ ነው በአያቶቹ ዘመን በዚያ ሰማይ ላይ ውኃ የሚጠጣ ሞተር ያልፍ እንደነበር የሚያውቅ?

ወደ ጋራዡ ልመለስ። አንድ ቀን አንድ ልጅ ቱርቦ ያላት የጃፓን ስሪት ይዞ መጣ። ዘመድ ከዱባይ የላከለት ካርቶን አለ፤ ውስጡ አምስት ሊትር የምትይዝ ታንክ፣ በ7 ባር የምትገፋ ትንሽ ፓምፕ፣ ቱቦና አራት ኖዝሎች። ልጁ ቸኩሎ ትልቁን ኖዝል ገጥሞታል።

«ጋሼ፣ ዳገት ላይ ታስላለች፤ ካሳለች በኋላ ደግሞ ጭራሽ ትሞታለች» አለ።

«የቱን ገጠምክ?»

«የመጨረሻውን። ብዙ ውኃ ይሻላል ብዬ።»

ፎርማኑ ኖዝሉን ፈትቶ በእጁ ያዘና ተለማማጁን ወደ ሱቅ ላከው። ልጁ ምን ሊያመጣ ነው ብሎ ሲጠብቅ የሕፃን ጡጦ መጣ። ጡጦው ላይ እስከ 250 ሚሊ ሊትር የሚደርስ መስመር አለ። ፓምፑን አስነሱ፣ ኖዝሉን ጡጦው አፍ ላይ አደረጉ፣ ተለማማጁ ስልኩ ላይ ሰዓት ያዘ። በአንድ ደቂቃ ጡጦው ሞላ።

«ይኸው። ይህ በባዶ አየር ነው» አለ ፎርማኑ። «ሞተሩ ውስጥ ስትረጨው ቱርቦው ከፊት ለፊት በ1 ባር ይገፋሃል። ከ7 ላይ 1 ቀንስ፣ የቀረልህ 6 ነው። ፍሰቱ በዚያው ልክ አይወርድም፣ በስኩዌር ሩቱ ነው የሚወርደው። ከመቶ 7 ያህል ታጣለህ። 250ው 230 ሆነ እንበል። አሁን መኪናህ ስንት ቤንዚን እንደሚጠጣ ንገረኝ።»

ልጁ ዝም አለ። ማን ያውቃል እሱን?

ስካነሩ ግን ያውቃል። ፎርማኑ ሰካው፣ ልጁን መሪ ላይ አስቀመጠና አብረው ውኃውን ዘግተው ዳገቱን ወጡ። በሙሉ ኃይል ሲረግጥ ስክሪኑ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር በሰከንድ 100 ግራም መሆኑ ታየ። ከዚያ በኋላ ያለው የብዕርና የወረቀት ሥራ ነው። ለ12 ግራም አየር አንድ ግራም ቤንዚን ከሆነ፣ በሰከንድ 8.3 ግራም፣ በደቂቃ 500 ግራም ቤንዚን ነው። 230 ግራም ውኃ ከ500 ግራም ቤንዚን ጋር ሲሄድ 46 በመቶ ሆነ። በጦርነት ጊዜ አውሮፕላን ሊችለው ይችላል፤ የልጁ መኪና ግን እሳቷ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። በመኪና ላይ የሚሠሩ ሰዎች አብዛኞቹ የሚስማሙበት ልክ ከቤንዚኑ ክብደት ከ10 እስከ 25 በመቶ ነው። ከዚያ ሲያንስ ማንኳኳቱን አያስቆምም። ሲበዛ እሳቱ ይዘገያል፣ ጉልበት ይቀንሳል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ውኃውም የሲሊንደሩን ግድግዳ ከዘይት ያጥባል።

እዚህ ላይ ነው ፎርማኑ ያንን ነገሩን ያወጣው፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰማኝ ሁሉ እነግራለሁ። «ሒሳብ የሚያደክምህ ከሆነ» አለው፣ «ስካነሩ በሰከንድ ስንት ግራም አየር ነው ያለህ? 100። ያንኑ ቁጥር በደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር ውኃ በለው። እሱ 20 በመቶህ ነው። ግማሹን ከወሰድክ 10 በመቶ ነው።» እኔ ሞኙ አላመንኩም፤ ወረቀት ላይ ደጋግሜ ሠራሁት። በ12 ሲካፈል፣ በ60 ሲባዛ፣ አምስተኛው ሲወሰድ፣ በርግጥም አንድ ለአንድ ይመጣል። የድብልቁ ልክ 12 እስከሆነ ድረስ አይስትም።

ይህ ብልሃት ለእኛ ከፍታ የሚበጅበት ምክንያት አለው። የካርቶኑ ወረቀት የሚያወራው ስለ ቱርቦ ግፊት ነው፤ ለ1 ባር ይህን ያህል ውኃ፣ ለ1.5 ባር ያንን ያህል። ያ ሰንጠረዥ የተጻፈው ባሕር አጠገብ ተቀምጦ ነው። ዳሽቦርድ ላይ የምትለጠፈው የቱርቦ ጌጅ የምታሳየው ከውጭው አየር በላይ ስንት እንደተጨመረ ነው። ባሕር ዳርቻ 1 ባር ስትል ሞተሩ ውስጥ በጠቅላላው 2 ባር አለ። አዲሱ ገበያ ላይ ያችው ጌጅ ያንኑ 1 ባር ስታሳይ ውስጡ ያለው 1.75 ነው፤ እንጦጦ ራስ ላይ 1.70። ስለዚህ ቱርቦዋን በስፕሪንግ ብቻ የምትቆጣጠር አሮጌ መኪና ዳገት በወጣች ቁጥር አየሯም ቤንዚኗም ይቀንሳል፣ ኖዝሉ ግን የሚረጨውን ያህል መርጨቱን አይተውም። ወደብ ላይ 20 በመቶ የነበረው ውኃ እዚህ ከ22 አልፎ፣ ላይ ሲደርስ 23 ተኩል ይሆናል። በሌላ በኩል ጠቅላላውን ግፊት የሚለካ ሴንሰር ያላት አዲስ መኪና የጎደለውን ልትሞላ ቱርቦዋን የበለጠ ታሽከረክራለች፤ የእሷ ችግር የውኃው መብዛት ሳይሆን የአየሩ መጋል ነው። ለሁለቱ አንድ ሰንጠረዥ መስጠት አይቻልም። የአየሩን ክብደት የጠየቀ ሰው ግን የከፍታውንም መልስ አብሮ አግኝቷል፤ የሳሳው አየር ሲመዘን ራሱ ቀሎ ይገኛልና።

100 ሚሊ ሊትር ምን ያህል ያቀዘቅዛል? በሰከንድ 1.7 ግራም ገደማ ነው። እሷ ሙሉ በሙሉ ብትተን በሰከንድ 4 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ትወስዳለች፤ 100 ግራም አየር ደግሞ በአንድ ዲግሪ ለመውረድ 0.1 ኪሎጁል ይሰጣል። አካፍሉት፤ 40 ዲግሪ። በተግባር ግን ሁሉም ቱቦው ውስጥ አይተንም፤ የተረፈው ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ነው የሚተነው። እሱም ቢሆን አይከፋም፣ እንዲያውም ማንኳኳቱ የሚነሳው እዚያ ነው።

ፎርማኑ በደቂቃ 60 ሚሊ ሊትር በሚረጨው ኖዝል ጀመረ። ዳገቱን ሲወጡ ስክሪኑ ላይ ኮምፒውተሩ የካንዴላውን ብልጭታ ወደ ኋላ ሲያዘገይ ይታያል፤ ማንኳኳት በሰማ ቁጥር የሚያደርገው እሱን ነው። 80 ሲገጥም ማዘግየቱ ቆመ። ልጁ 110ሩን ካላደረግን አለ። «ማንኳኳቱ ቆሟል እኮ፤ ከዚህ በላይ የምትረጨው ምን ሊሠራልህ ነው?» ብሎ ኖዝሉን መልሶ ካርቶኑ ውስጥ ጨመረው። 80 ማለት ሞተሩ ውስጥ ከ15 በመቶ ትንሽ የሚያንስ ነው። በዚህ ልክ አምስት ሊትሯ ታንክ ነዳጅ እስከ ወለሉ ተረግጦ ከአንድ ሰዓት በላይ ታዘልቃለች፤ ሱሉልታ ለመድረስ ደግሞ እንደዚያ የሚረገጠው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ውኃው መቼ መጀመር እንዳለበትም ተከራከሩ። ልጁ ቱርቦው እንደተነሳ ይጀምር ነበር ያሰበው። ግን ቱርቦው ገና ሲነሳ ሞተሩ የሚስበው አየር 50 ግራም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ኖዝሉ ያንኑ ከረጨበት መጠኑ በእጥፍ ያድጋል፣ ሳሉም ይመለሳል። ጌጇ 0.7 ስትደርስ እንዲጀምር ተደረገ። ገንዘብ ያለው ሰው ከቤንዚኑ ኢንጀክተር ጋር እኩል የምትከፈትና የምትዘጋ ቫልቭ ይገዛል፤ ያኔ ውኃው ቤንዚኑን እየተከተለ ራሱ ይመጠናል። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣት ኤም 4 ጂቲኤስ ላይ ውኃ ገጥሟል፤ ባለ 500 ፈረስ ጉልበት፣ የውኃ ታንኩ አምስት ሊትር፣ የተሠሩት ጥቂት ብቻ። ጉለሌ አንዷም ያለች አይመስለኝም።

በዚህ መሐል በር ላይ የተሰበሰበው ሰው ምክሩን እየለገሰ ነበር። አንዱ «እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ሙሉባት» አለ። ፎርማኑ ጠበልን ለሰው ተውት ብሎ አንድ አሮጌ ኖዝል አሳየው፤ ቀዳዳው በነጭ ድንጋይ ተደፍኗል። የምንጭም የቧንቧም ውኃ ማዕድን አለው፤ ውኃው ሲተን ማዕድኑ ይቀራል። ተጣርቶ የሚሸጠው የባትሪ ውኃ ነው የሚሻለው፤ አሲዱን እንዳትገዙ ብቻ። ሌላው «አረቄ ነው መድኃኒቷ!» ሲል ሰዉ አውካካ። ይህ እንኳ እንደ ቀልዱ አይደለም። አልኮል ሲተን ከቤንዚን ከእጥፍ በላይ ሙቀት ይወስዳል፣ ራሱም ይነዳል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት እንጦጦ ሥር ያደረ ታንክ በረዶ እንዳይሠራም ይከላከላል። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር በ5 በመቶ መቀላቀል ሲጀመር፣ ኋላም 10 በመቶ ሲደርስ፣ ሳናውቀው ሁላችንም ትንሽ ቀምሰናል። የቤት አረቄ ችግሩ የአልኮሉ መጠን አለመታወቁ ነው፤ የዛሬው ጠርሙስ ከትናንቱ ይለያል፣ ልክ ሊሠራበት አይችልም። ሜታኖል ደግሞ ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ በውኃ ኮዳ ተቀምጦ ማየት አልፈልግም።

አንድ የኤፍ ኤስ አር ሾፌርም ለመኪናው ይገጠምለት እንደሆነ ጠየቀ። ዓባይ በረሃ ወርዶ ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ ሞተሩ ይግልበታል። የናፍጣ ሞተር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ነዳጁ የሚገባው በሚነድበት ሰዓት ስለሆነ እንደ ቤንዚኑ ዳር ላይ ቆሞ ራሱን የሚያፈነዳ ድብልቅ የለውም። ውኃ የጭሱን ሙቀት ይቀንስለታል፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለውንም ያሳንሳል። ፎርማኑ ግን ዲፕሪተሩን፣ የአየር ማጣሪያውን ማለት ነው፣ አስከፈተው። አቧራው ተራገፈ፣ መሬት ላይ ክምር ሠራ። የኢንተርኩለሩ ጎማ ላይ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኘ። ሾፌሩ ስለ ውኃ ሁለተኛ አልጠየቀም።

የቀረው የታንኩ ባዶ መሆን ጉዳይ ነበር። በዚህ የተጎዳ ትልቅ ኩባንያ አለ። አሜሪካዊው ኦልድስሞቢል እ.ኤ.አ. በ1962 ጄትፋየር የምትባል ቱርቦ ያላት መኪና ሲያወጣ ውኃና ሜታኖል የምትጠጣበት ታንክ ገጠመላት። ፈሳሹ ሲያልቅ ቱርቦው ግፊቱ እንዲገደብ ተደርጓል፤ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ደንበኞቹ ግን መሙላት እየረሱ፣ መኪናዋ ደከመች እያሉ መመለስ አበዙ። መጨረሻ ላይ አምራቹ ቱርቦውን አንስቶ ተራ ካርቡራተር መግጠም ጀመረ። ፎርማኑ ይህን ታሪክ ሲያወራ ልጁን በዓይኑ ጥግ ያየው ነበር።

«እኔ አልረሳም ጋሼ።»

«ትረሳለህ።»

ታንኩ ውስጥ ተንሳፋፊ ስዊች አስገባ፣ ሽቦውን የቱርቦውን ግፊት ወደሚቆጣጠረው ቫልቭ ወሰደው፤ ውኃው ሲያልቅ ቱርቦው ከ0.4 ባር በላይ እንዳይወጣ። ከዚያ ሊፈትነው ታንኩን አስደፍቶ ልጁን ዳገቱ ላይ ላከው። ልጁ ነዳጁን ወለሉ ድረስ ረገጠ፣ ጌጇ 0.4 ላይ ቆመች፣ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ አንድ አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶብስ ክላክስ እየነፋ ቀደመው፤ ረዳቱም በመስኮት ወጥቶ የሆነ ነገር ተናገረው። ተናዶ ተመለሰ። ፎርማኑ ስካነሩን ነቅሎ ገመዱን እየጠቀለለ ነበር።

«ቀደመህ?»

«አውቶብስ ጋሼ! አውቶብስ!»

«በቃ ሠርቷል» አለና የባትሪ ውኃውን ጀሪካን ወደ ልጁ በእግሩ ገፋለት።